ከኮሶ እስከ ቅዳሜ ኪኒን፦ ችፌን በአፍ የማከም ታሪክ

ችፌ ዘመደ ብዙ ቃል ነው። እከክ አለ፣ ጭርት አለ፣ ቋቁቻ አለ፣ ለምጽ አለ፣ ፎረፎር አለ። መገናኛ ታክሲ ውስጥ እጀታችሁን ሰብሰብ ካደረጋችሁ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ከነዚህ አንዱን መርጦ ይሰጣችኋል፤ መድኃኒቱንም ጨምሮ። እሬት ቀባው፣ ፌጦ ለጥፍበት፣ ነጭ ሽንኩርት እሸው። ሁሉም የሚቀባ ነው። ችፌ ቆዳ ላይ ያለ ነገር ስለሆነ መድኃኒቱም ቆዳ ላይ መሆን አለበት የሚል ሐሳብ ሁላችንም ውስጥ አለ።

እኔ ግን ላለፈው አንድ ዓመት ችፌዬን የምታከመው በሳምንት አንድ ቀን በምውጠው ኪኒን ነው። ኪኒኑ መጀመሪያ የተሠራው ለካንሰር ነው። ይሄን ለሰው ስናገር ሁለት ጥያቄ ይመጣል፦ «ለችፌ?» እና «አትፈራም?»። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄ ነው። ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ስለሆነ አንድ ነገር ለምን እንደዚህ እንደሚሠራ ካልገባኝ ታሪኩን ወደ ኋላ እየቆፈርኩ ማየት ልማዴ ነው፤ ማን ጻፈው፣ መቼ ተቀየረ፣ ለምን። የኪኒኑንም ታሪክ እንደዛው ቆፈርኩት። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን ናቸው፤ የኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።)

ኤክዜማ የሚለው ቃል የግሪክ ነው፤ ፈልቶ መውጣት፣ እንደ ወተት መገንፈል ማለት ነው። ቃሉን ጽፈው ካስተላለፉልን ሰዎች አንዱ የአሚዳው ኤቲየስ ነው። ይህ ሐኪም የኖረው በ6ኛው ክፍለ ዘመን፣ እዚህ አፄ ካሌብ በአክሱም በነገሡበት ዘመን ነው። ቃሉ ውስጥ አንድ ንድፈ ሐሳብ ተደብቋል፦ ውስጥ ያለ ክፉ ነገር ገንፍሎ ወጣ። እኛም ጋ «ደሙ ተበላሽቶ ነው» ይባላል፤ ያው ነው። በሽታው ከውስጥ ከሆነ ደግሞ ከላይ ቀብቶ መድፈን አደጋ ነው ተብሎ ይታመን ነበር፤ ከውስጥ መጥረግ ነው የሚያስፈልገው። ስለዚህ ለረጅም ዘመን የችፌ ሕክምና የሚያስቀምጥና የሚያስታውክ ነገር መጠጣት፣ ደም መቅዳት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ቪየና ላይ ፈርዲናንድ ፎን ሄብራ የሚባል ሐኪም ተነስቶ «የለም፣ ይሄ የቆዳ በሽታ ነው፣ ቆዳውን አክሙ» ብሎ ተከራከረ። ውስጥ ነው ወይስ ላይ የሚለው ክርክር ከዚያ ወዲህ ሦስት አራት ጊዜ ተገለባብጧል።

«ከውስጥ እንጥረገው» የሚለው ሐሳብ እኛም ዘንድ ሥር ያለው ነው። የአገራችን ስመ ጥር የአፍ መድኃኒት ኮሶ አይደል? ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሕዝብ ኮሶ ትል አያጣውምና፣ የዛፏን አበባ ፈጭቶ፣ በጥብጦ፣ በባዶ ሆድ መጠጣት የተለመደ ነበር። ሰው ኮሶ ጠጥቶ ቤቱን ዘግቶ ሲውል እንግዳ አይቀበልም፤ የዕረፍት ቀን የሚሰጥ የታወቀ ምክንያት ነበር። ምሬቱ እስከ ዛሬ ቋንቋችን ውስጥ አለ። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ኮሶ ውጭ አገር መሄዱን ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኢስታንቡል ይሠራ የነበረ ብራዬር የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም የኮሶን አበባ አገኘ፤ የዕፅዋት ሊቃውንት ዛፏን በስሙ ብራዬራ ብለው ሰየሟት፤ አበባዋም ወደ አውሮፓ የመድኃኒት መጻሕፍት ገባ። እኛ ብራዬርን አናውቀውም፣ እሱም እንጦጦን አላየም፤ ዛፏ ግን ለጥቂት ጊዜ በስሙ ተጠራች። ኮሶን እዚህ ያመጣሁት ለጌጥ አይደለም። ትሉና ችፌ በኋላ ይገናኛሉ።

ኮሶ አውሮፓ በደረሰበት ዘመን አውሮፓውያን ለችፌያቸው የሚጠጡት ነገር ከኮሶ የባሰ ነበር። 1786 ላይ ቶማስ ፋውለር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም የአርሴኒክ ጠብታ አዘጋጀ። አርሴኒክ የአይጥ መርዝ ነው። ጠብታው እንደ ውሃ የጠራ ስለነበር ሰው ተሳስቶ እንዳይጠጣው የላቬንደር ቅመም ተጨመረበት። መጀመሪያ ለወባና ለትኩሳት ነበር፤ ከዚያ ለቆዳ በሽታ ሁሉ ሆነ። ለችፌ በየቀኑ በጠብታ እየተቆጠረ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይወሰድ ነበር። ይሠራ ነበር ወይ? ለአንዳንዱ እፎይታ ሰጥቷል። ግን በ1880ዎቹ መጨረሻ ጆናታን ሃቺንሰን የሚባል የለንደን ሐኪም አርሴኒክ ለረጅም ጊዜ የወሰዱ ሰዎች መዳፍና ውስጥ እግራቸው እንደ ኪንታሮት እየሻከረ፣ ከዚያ ወደ ካንሰር እንደሚለወጥ ጻፈ። ከመጀመሪያው ጠብታ እስከዚህ ጽሑፍ መቶ ዓመት አልፏል። ከዚያ በኋላ እንኳን ጠብታው ከፋርማሲ መደርደሪያ ለመውረድ አሥርት ዓመታት ፈጅቶበታል።

ይህን ታሪክ ሳነብ የተረዳሁት፣ በአፍ የሚወሰድ የችፌ መድኃኒት ላይ ዋናው ጥያቄ «ይሠራል ወይ?» እንዳልሆነ ነው። ብዙዎቹ ይሠራሉ። ጥያቄው ጉዳቱ መቼ ይታያል የሚለው ነው፤ በሳምንት፣ በዓመት ወይስ በሃያ ዓመት? ከምሽት ሙከራ አልፎ ፕሮዳክሽን ላይ ከስድስት ወር በኋላ ሰርቨር የሚጥል ባግ ያየ የሙያ ባልደረባዬ ስሜቱን ያውቀዋል።

በዚህ መሀል አዲስ አበባም የራሷን የሕክምና ታሪክ እየጀመረች ነበር። ከአድዋ ድል በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች መጡ፤ በ1910 የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተመሠረተ። አሁንም የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። በ1930ዎቹ ደግሞ በከተማዋ በሌላኛው ጫፍ፣ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የሚጠራው የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል ተሠራ። ዘነበወርቅን አስታውሱልኝ፣ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ትልቁ ምዕራፍ። መስከረም 11 ቀን 1941 ዓ.ም. (በፈረንጅ ሴፕቴምበር 21፣ 1948) አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ማዮ ክሊኒክ የተኛች አንዲት ወጣት ሴት በመገጣጠሚያ ሕመም ከአልጋ መነሳት አቅቷት ነበር። ሐኪሟ ፊሊፕ ሄንች፣ ባልደረባው ኬሚስቱ ኤድዋርድ ኬንዳል ከዓመታት በፊት ከአድሬናል ዕጢ ለይቶ ያወጣውን ንጥረ ነገር ወጋት። አድሬናል ከኩላሊት በላይ እንደ ቆብ የተቀመጠች ትንሽ ዕጢ ናት። ሴትዮዋ በቀናት ውስጥ ተነሳች፣ በሳምንቱ ገደማ ከሆስፒታል ወጥታ ገበያ ዞረች። ንጥረ ነገሩ ኮርቲሶን ተባለ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሄንች፣ ኬንዳልና የስዊዘርላንዱ ራይክሽታይን የኖቤል ሽልማት ወሰዱ። ኖቤል እንዲህ ሲቸኩል ብዙ አይታይም።

መጀመሪያ ኮርቲሶን የሚሠራው ከበሬ ሐሞት ነበር፤ ከ30 በላይ የኬሚስትሪ ደረጃ እያለፈ። ዋጋው የማይቀመስ ነበር። ከዚያ ራስል ማርከር የሚባል እልኸኛ ኬሚስት ከሜክሲኮ የዱር ሥራ ሥር ሆርሞን መሥራት እንደሚቻል ያሳየው መንገድ አለ፤ 1952 ላይ ደግሞ አንድ የአሜሪካ ድርጅት ከባዱን የኬሚስትሪ ደረጃ ሻጋታ እንዲሠራለት አደረገ፤ ልክ ጠላ እንደሚፈላው ማለት ነው። ዋጋው ወረደ። 1955 ላይ ፕሬድኒሶን እና ፕሬድኒሶሎን መጡ፤ ከኮርቲሶን የበረቱ፣ በትንሽ ኪኒን የሚዋጡ። ያቺ ነጭ ትንሽ የፕሬድኒሶሎን ኪኒን ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የሌለችበት መድኃኒት ቤት የለም ማለት ይቻላል።

እኔን የገረመኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ስቴሮይድ ሲባል እኛ የምናስበው ቅባት ነው። ግን ለችፌ መጀመሪያ የተሰጠው ከውስጥ ነው። የኒውዮርኩ ማሪዮን ሱልዝበርገር፣ በ1933 ከባልደረባው ጋር ይህን በሽታ ዛሬ በሚጠራበት «አቶፒክ ደርማታይተስ» በሚለው ስም የሰየመው ሰው፣ 1951 ላይ ከባልደረቦቹ ጋር የሚዋጥ ኮርቲሶን ለቆዳ ሕሙማን መስጠቱን ጻፈ። ለዓመታት እንቅልፍ ያጡ ሰዎች ቆዳ በቀናት ጠራ። የሚቀባው ሃይድሮኮርቲሶን የመጣው በዓመቱ፣ 1952 ላይ ነው፤ እሱም የራሱ የሱልዝበርገር ሥራ ነው። ያው ሰው ኪኒኑን ሞክሮ፣ ችግሩን አይቶ፣ ወደ ቅባት ዞረ ማለት ነው።

ችግሩ ምን ነበር? ኪኒኑን ሲያቆሙት ችፌው ይመለሳል፤ ብዙ ጊዜም ከነበረው ብሶ። ሁለተኛው ችግር ደግሞ ይብሳል። አድሬናል ዕጢ ሰውነት ውስጥ በቂ ሆርሞን እንዳለ ስታይ ሥራዋን ታቆማለች። ስንፍና አይደለም፣ የተሠራችው እንደዛ ነው፤ ግብረ መልስ ይሉታል መሐንዲሶች። ከውጭ ኪኒን ለወራት ከገባላት ትተኛለች። ኪኒኑ በድንገት ሲቆም ግን በድንገት አትነቃም። 1952 ላይ ኮርቲሶን ሲወስድ የነበረ አንድ ሰው ለቀዶ ሕክምና ገብቶ ከዚያ በኋላ በዚሁ ምክንያት መሞቱ ተጽፏል። «ቀስ በቀስ እየቀነስክ አቁም» የሚለው ትእዛዝ ከዚህ ነው የመጣው። በዚያ ላይ ፊት ያብጣል፣ አጥንት ይሳሳል፣ ስኳር ይጨምራል፣ ዐይን ውስጥ ሞራ ይጋርዳል። የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች አካዳሚ 2023 ላይ ባወጣው መመሪያ ለአቶፒክ ደርማታይተስ የሚዋጥም የሚወጋም ስቴሮይድ ባይሰጥ ይመረጣል ብሏል። ከሱልዝበርገር ጽሑፍ 72 ዓመት በኋላ።

እዚህ ጋ የራሴን ልንገራችሁ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁና ሥራ ከያዝኩ በኋላ፣ በየበጋው ጥር ላይ አየሩ ሲደርቅ፣ ክርኔና ጉልበቴ ቋጠሮ ላይ ያለው ችፌ ይነሳብኛል። አንድ የግል ክሊኒክ ነበር፤ በሄድኩ ቁጥር የአምስት ቀን ፕሬድኒሶሎን ይጻፍልኛል። በሦስተኛው ቀን ንጉሥ ነኝ። ሌሊት ሳላክ እተኛለሁ፣ አጭር እጅጌ እለብሳለሁ፣ ኮዴ ራሱ ይፈጥናል። በሁለተኛው ሳምንት ተመልሶ ይመጣል፤ እኔም ተመልሼ እሄዳለሁ። በአንድ ዓመት አራት ጊዜ ተጻፈልኝ፤ ለምን እንደሚመለስ ያስረዳኝ ግን አልነበረም። አሁን ሳስበው፣ ስህተቱን ሳይፈቱ የስህተት መልእክቱን የሚያጠፋ ኮድ ነበር የሚታዘዝልኝ።

ለእኛ አገር ፕሬድኒሶሎን ግን ችፌ ብቻ አይደለም። ወደ ዘነበወርቅ እንመለስ። 1965 ላይ እዚያው ግቢ አለርት ተመሠረተ፤ ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛና ማገገሚያ ማዕከል። 1970 ላይ ከጎኑ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ቆመ። ከመገናኛ እዚያ ለመድረስ ቀላሉ መንገድ ባቡሩ ነው፤ እስከ ጦር ኃይሎች፣ ከዚያ ታክሲ። የቆዳ ሕመም ያለበት የአዲስ አበባ ሰው «አለርት ሄድክ?» የሚል ጥያቄ ሳይሰማ አይቀርም፤ ሥጋ ደዌ የሚለውን ስም ፈርቶ የሚቀርም አለ። ለአገሪቱ የቆዳ ሕክምና ግን ትልቁ ትምህርት ቤት እሱ ነው።

ሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ነው፤ የሚገድለው መድኃኒት አለ። ነገር ግን ሰውነት ለባክቴሪያው የሚሰጠው ምላሽ ራሱ ነርቭ ያቃጥላል፤ እጅና እግር የሚያደነዝዘው፣ ዐይን የሚያሳውረው ብዙ ጊዜ ይሄ ምላሽ ነው። ሐኪሞች «ሪአክሽን» ይሉታል። ይህን እሳት ለማብረድ የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መደበኛ አሰጣጥ በቀን 40 ሚሊግራም ጀምሮ በ12 ሳምንት እየቀነሱ ማቆም ነበር። እንግዲህ የአገራችን ሐኪሞች ስቴሮይድ ሲያድንም ሲጎዳም በደንብ ያዩት በችፌ ሳይሆን በሥጋ ደዌ ሕሙማን ላይ ነው። 2014 ላይ የታተመ የአለርት ጥናት፣ ብርቱ በሆነው የሪአክሽን ዓይነት ከተያዙ ሕሙማን መካከል የነበረውን ሞት መርምሮ፣ ለረጅም ጊዜ ስቴሮይድ ከመውሰድ ጋር አያይዞታል። ይሄን ያነበብኩት ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው፤ ተነስቼ ቁጭ አልኩ። የሚያሳክከውን ክርኔን ለማስታገስ የተጻፈልኝ ያው ኪኒን ነዋ።

ስለዚህ አለርት ሌላ መንገድ መፈለግ ነበረበት፣ ፈለገም። 2016 ላይ ታትሞ የወጣ የአለርት ሙከራ ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ለአንዱ ወገን ፕሬድኒሶሎን፣ ለሌላው ሳይክሎስፖሪን ሰጠ። የሳይክሎስፖሪን ወገን መሻሻሉ ተቀራራቢ ነበር፤ ተጨማሪ ፕሬድኒሶሎን ግን በበለጠ አስፈልጎታል። ድል ነው ለማለት ይከብዳል፣ ሽንፈትም አይደለም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሜቶትሬክሴትን የሚፈትን የብዙ አገሮች ጥናት ተነሳ፤ ኢትዮጵያ አንዷ ናት። ሳይክሎስፖሪን፣ ሜቶትሬክሴት። ሁለቱም ዛሬ ለከባድ ችፌ የሚታዘዙ ኪኒኖች ናቸው። በኛ አገር ስለ እነዚህ መድኃኒቶች ከተሠሩት ጥብቅ ሙከራዎች መካከል ያሉት ማኅበረሰቡ ሲሸሻቸው በኖሩ ሰዎች ላይ የተሠሩ ናቸው፤ እኔና እናንተ ከእነሱ ተምረናል።

ሳይክሎስፖሪን ከየት መጣ? ከአፈር። የስዊዘርላንዱ ሳንዶዝ ኩባንያ ሠራተኞቹ ለዕረፍት ሲሄዱ ከሄዱበት አገር አፈር በላስቲክ ይዘው እንዲመጡ ያደርግ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ አንዱ ከኖርዌይ ሐርዳንገርቪዳ ከሚባል አምባ ይዞ መጣ። አፈሩ ውስጥ ያለ ፈንገስ የሚያመነጨው ነገር የሰውነትን ተከላካይ ሴሎች እንደሚያስተኛ 1972 ላይ ታወቀ። የኩላሊት ንቅለ ተከላን የለወጠው እሱ ነው። 1991 ላይ ደግሞ ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ የእንግሊዝ ሙከራ ለከባድ የአዋቂ ችፌ እንደሚሠራ አሳየ፤ ፈጣን ነው። ግን ኩላሊት ይጎዳል፣ ደም ግፊት ይጨምራል፤ ስለዚህ ለወራት እንጂ ለዕድሜ ልክ አይሰጥም።

አዛታዮፕሪን የሚባልም አለ፤ 1957 ላይ ገርትሩድ ኤልየንና ጆርጅ ሂቺንግስ የሠሩት ነው። ኤልየን ዶክትሬቷን ሳትጨርስ ነው ኖቤል ያገኘችው፤ ሲቪያችሁ ላይ ለምታፍሩ ሁሉ። ስለ መድኃኒቱ ብዙ አልልም፤ አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው መድኃኒቱን የሚሰብር ኢንዛይም ስለሚያንሰው መቅኔውን ሊጎዳው ይችላል፣ አስቀድሞ መመርመር ጥሩ ነው።

የኔው ሜቶትሬክሴት ታሪኩ ረጅም ነው። 1948 ላይ ቦስተን ውስጥ ሲድኒ ፋርበር የሚባል ሐኪም በደም ካንሰር ለሚሞቱ ሕፃናት የፎሊክ አሲድን ሥራ የሚያግድ መድኃኒት ሰጠ። መድኃኒቱን ያቀናበረው ቡድን መሪ ሕንዳዊው የላፕራጋዳ ሱባራው ነበር፤ ስሙን ጥቂት ሰው ነው የሚያውቀው። ሴል ለመባዛት ፎሊክ አሲድ ይፈልጋል፤ ካንሰር ደግሞ ሥራው መባዛት ነው። ልጆቹ ለጊዜው ተሻላቸው። 1951 ላይ የዚህ መድኃኒት ዘመድ የሆነውን ሲወስዱ የነበሩ ሰዎች ሶራያሲስ የሚባለው የቆዳ በሽታቸው እንደጠራ ተስተዋለ። ከዚያ በካንሰር መጠን ሳይሆን እጅግ ባነሰ መጠን፣ በየቀኑ ሳይሆን በሳምንት አንዴ መስጠት ተጀመረ። ለችፌ በሥርዓቱ የተፈተነው ግን በዚህ በኛው ክፍለ ዘመን ነው። 2023 ላይ የታተመ የእንግሊዝና የአየርላንድ ሙከራ 103 ከባድ ችፌ ያለባቸው ልጆችን ይዞ ሳይክሎስፖሪንን ከሜቶትሬክሴት አወዳደረ። ሳይክሎስፖሪን ቶሎ ይሠራል፤ ሜቶትሬክሴት ዘግይቶ ይጀምራል፣ ከቆመ በኋላ ግን ውጤቱ የተሻለ ይቆያል።

«በሳምንት አንዴ» የምትለዋ ቃል ቀላል እንዳትመስላችሁ። በዓለም ዙሪያ በሜቶትሬክሴት ሰው የሞተባቸው ስህተቶች ውስጥ ትልቁ ይሄ ነው፦ የሳምንቱ ኪኒን በየቀኑ ሲወሰድ። መቅኔ ይደርቃል፣ አፍ ይቆስላል። አእምሯችን «ኪኒን» ሲባል «ጠዋትና ማታ» ብሎ ነው የሚሰማው። የቆዳ ስፔሻሊስቷ ኪኒኑን ሲያዙልኝ ቀኑን ወረቀቱ ላይ በትልቁ ጽፈው፣ ሁለቴ አስደገሙኝ። «ቀኑን አንተ ምረጥ፤ ከመረጥክ በኋላ ግን አይቀየርም» አሉኝ። ቤት ስሄድ ለእናቴ ነገርኳት።

«ረቡዕና ዓርብ አይሆንም፣ ጾም ነው። በባዶ ሆድህ መርዝ ልትውጥ ነው?»

«ሐሙስስ?»

«ሐሙስ ማታ ውጠህ ዓርብ ቢያቅለሸልሽህ በምን ታስታግሰዋለህ? ቅዳሜ ይሁን። እሁድ ትተኛለህ።»

በቃ፣ ቅዳሜ ሆነ። ከሦስት የሕክምና ጽሑፍ ያላገኘሁት ምክር ነው። ስልኬ ላይ ማስታወሻ አለኝ፤ እናቴ ግን ቀድማ ትደውላለች። በማግስቱ ፎሊክ አሲድ እወስዳለሁ። መጠጥ ቀረ፤ ጉበት ላይ ሁለት ጭነት አይጫንም፣ ሠርግ ላይ ጠጅ ሲቀዳ እኔ አምቦ ውሃ ነኝ። ሌላም አለ፣ እሱ ይከብዳል። ሜቶትሬክሴት ፅንስ ይጎዳል። የምትወስደው ሴት ከሆነች ማርገዝ ከማሰቧ አስቀድሞ ማቆም ግድ ነው፤ ለወንዶችም የመድኃኒቱ መመሪያ ጥንቃቄ ያዛል። ከእጮኛዬ ጋር ስለ ልጅ የተነጋገርነው በኪኒን ምክንያት ነው። «መቼ ነው የምታቆመው?» አለችኝ። ጥያቄው ስለ ቆዳዬ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ከመጀመሬ በፊት የደረት ራጅ ተነሳሁ፤ የሳንባ ነቀርሳ እንዳለ ለማየት። የሰገራ ምርመራም አደረግሁ። ቲቢ በየሰፈሩ ባለበት አገር የሰውነትን ተከላካይ ኃይል የሚያዳክም ኪኒን መጀመር ማለት የተኛ አውሬ አጠገብ ዘቡን ማሰናበት ነው። ትሉም እዚህ ጋ ይመጣል፣ ቃሌን አስታውሳችሁ ከሆነ። ስትሮንጊሎይደስ የሚባል ቀጭን የአንጀት ትል አለ፤ ለዓመታት ዝም ብሎ ይኖራል። ሰውዬው ስቴሮይድ ሲጀምር ግን ትሉ ተባዝቶ መላ ሰውነትን ሊወርና ሊገድል ይችላል። በሌላ በኩል ጅማ ላይ ተሠርቶ 2001 ላይ ላንሴት የታተመ ጥናት የአንጀት ትል ያለባቸው ሰዎች የደረት ፉጨት እንደሚያንሳቸው አሳይቷል። የሰውነታችን ተከላካይ ኃይል ለሺህ ዓመታት ከትል ጋር ሲታገል የኖረ ነው፤ ትሉ ሲጠፋ ሥራ ፈትቶ በራሱ ቆዳና ሳንባ ላይ ይዞራል የሚል መላ ምት አለ። አያቶቻችን በየወሩ ኮሶ የጠጡት ይህን ሁሉ ሳያውቁ ነው፤ እኔም ገና እርግጠኛ አይደለሁም፣ ሳይንሱም ክርክር ላይ ነው።

ሌላው ጣጣ እነዚህ መድኃኒቶች ሲፈተኑ የተፈተኑት በማን ቆዳ ላይ ነው የሚለው ነው። የችፌን ክብደት የሚለካው መስፈርት አንዱ ነጥብ መቅላት ነው። ጠይም ቆዳ ላይ ግን ችፌ አይቀላም፤ ይጠቁራል፣ ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል፣ እንደ ዶሮ ቆዳ ይሾጥራል። ስለዚህ የከበደው ቀላል ተብሎ ይመዘገባል። 2006 ላይ ፊላግሪን የሚባለው የቆዳ ፕሮቲን ጂን ሲበላሽ ለችፌ እንደሚያጋልጥ አውሮፓ ውስጥ ሲታወቅ «ሚስጥሩ ተፈታ» ተባለ። 2011 ላይ ኢትዮጵያውያን ሕሙማን ሲመረመሩ ግን አውሮፓ ውስጥ የተለመዱት ብልሽቶች አልተገኙባቸውም፤ በአንድ ሰው ላይ የተገኘው አዲስ ዓይነት ነበር። የኛ ችፌ በሌላ በር የገባ ይመስላል። በዚህ ላይ ተራራው አለ። አውሮፓውያን ችፌ የበዛበትን ሰው ስዊዘርላንድ ዳቮስ ልከው በተራራ አየር ያክሙት ነበር፤ ዳቮስ ከባሕር ጠለል 1,560 ሜትር ነው። መገናኛ አደባባይ ላይ ቆሞ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ከዚያ በብዙ መቶ ሜትር ይበልጣል፤ እንጦጦ ጫፍማ ከ3,000 ያልፋል። ተራራ ብቻውን ቢያድን ኖሮ የካ ውስጥ የሚያክ ሰው ባልኖረ። እንጦጦ የሚወጣ ሰው ግን አለ፣ ለጠበል። እዚያም የሚጠመቀውም የሚጠጣውም ነው። እናቴ ወስዳኛለች፤ ኪኒኑን እንዳላቆም ያስጠነቀቀችኝም እሷው ናት፤ ሁለቱን አጣልታ አታውቅም።

አዲሶቹ ኪኒኖች ደግሞ ጃክ የሚባሉት ናቸው። 1989 አካባቢ አውስትራሊያ ውስጥ አንድሩ ዊልክስ የሚባል ተመራማሪ ሴል ውስጥ መልእክት የሚያስተላልፉ ፕሮቲኖች አገኘ። የዚያ ዓይነት ፕሮቲን ብዙ ስለነበር በቀልድ «ሌላ አንድ ኪናዝ» ብሎ በእንግሊዝኛ ምህጻር ጃክ አላቸው፤ ኋላ ጨዋ ስም ሲፈለግ ጃኑስ ተባለ፣ ሁለት ፊት ያለው የሮማውያን ጣዖት። ስሙ ሳይታሰብ ልክ ሆነ። ባሪሲቲኒብ 2020 ላይ አውሮፓ ውስጥ ለችፌ ተፈቀደ፤ ኡፓዳሲቲኒብና አብሮሲቲኒብ 2022 ጃንዋሪ ላይ በአንድ ቀን አሜሪካ ውስጥ ተፈቀዱ። ማሳከክን በቀናት ውስጥ ያበርዳሉ፤ የሞከሩት ሰዎች የጻፉትን ሳነብ የሄንችን በሽተኛ አስታወሰኝ። ሁለተኛው ፊት ደግሞ ማሸጊያው ላይ በጥቁር ሳጥን ተጽፏል፦ ከባድ ኢንፌክሽን፣ የደም መርጋት፣ የልብ ሕመም፣ ካንሰር። በዚያ ላይ ዋጋው። አንድ ጓደኛዬ ከዋሽንግተን ዲሲ ሲመጣ የራሱን አሳየኝ፤ ኢንሹራንሱ ነው የሚከፍለው። እኔ ለሜቶትሬክሴት ለወሩ የምከፍለው ቦሌ ከሚጠጣ ጥቂት ማኪያቶ አይበልጥም። የሚያስወጣኝ የጉበትና የደም ምርመራው ነው፤ እሱን አሳንሶ ኪኒኑን ብቻ መግዛት ለሚፈልግ ሰው ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድ ከአርሴኒኩ አይታችኋል።

የመጨረሻው ምርመራዬ ደህና ነበር። ክርኔ ጠርቷል፤ የቀረው አንገቴ ላይ ሁለት ጣት የምታህል ናት። ስፔሻሊስቷ መጠኑን እስከ ፋሲካ እንዳለ እናቆየውና ከዚያ መቀነስ እንጀምራለን ብለዋል። የሠርጉ ቀን ገና አልተቆረጠም፤ ሽማግሌ የሚላከው ግን ለግንቦት ነው።